አንድ ሰው፣ አንድ ዳቦ

ሰኞ። 48 ቀን ይቀራል።

ይህን ደብተር የገዛሁት ስለ ዱቄትና ስለ እርሾ ልጽፍበት ብዬ ነበር። ዛሬ የገጠመኝ ነገር ግን ከእርሾ ጋር አይገናኝም።

ጠዋት ዳቦ ቤቱን ስከፍት ሰልፉ እንደወትሮው እስከ ፀጉር አስተካካዩ ደጃፍ ደርሷል። እየሰጠሁ «ቀጥል!»፣ እየሰጠሁ «ቀጥል!» ስል ባለፋርማሲው ሰውን በክርኑ ገፋ ገፋ አድርጎ ባንኮኒው ጋ ደረሰ። ባለፋርማሲው የሰፈራችን ምክር ቤት አባል ነው። ሁለት ጊዜ ተመርጧል፤ ለሦስተኛው እየተዘጋጀ ነው።

«አምስት ዳቦ» አለኝ።

«አንድ ሰው አንድ ዳቦ ነው። ደግሞም ተራዎ አልደረሰም።»

«እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። ሃያ ሦስተኛ ነዎት።»

ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። ወጥቼ አስተካከልኩት። ፀጉር አስተካካዩ «መመረጥ ያለበት ይሄ ሰውዬ ነው!» ብሎ ሲጮህ ሰዉ አጨበጨበ።

እኔ እኮ ምንም የተለየ ነገር አላደረግኩም። አራት ዓመት ከሦስት ወር እስር ቤት ውስጥ ዳቦ ጋግሬያለሁ፤ እዚያ የለመድኩት ይሄንኑ ነው። ሦስት መቶ ዳቦ፣ ለአንድ ሰው አንድ፣ «ቀጥል!»። ስፈታ ታላቅ እህቴ እትዬ የቤቷን የፊት ክፍል ለቀቀችልኝ። እስከ ዛሬ ድረስ «ኧረ ይሄ ንግድ ነው፣ ራሽን አይደለም! ሦስት የፈለገ ሦስት ይግዛ!» እያለች ትጮህብኛለች። ልክ ሳትሆን አትቀርም። ግን አንዱ ሦስት ሲወስድ ከኋላ ባዶ እጃቸውን የሚመለሱት ሁለቱ ይታዩኛል፤ እጄ እምቢ ይለኛል።

ራስጌ ላይ የሚቀረውን ቀን መጻፍም የእስር ቤት አመል ነው። ከወጣሁ ወዲህ የምቆጥረው አጥቼ ስቁነጠነጥ ከርሜያለሁ። ለምርጫው 48 ቀን ይቀራል አሉ፤ በቃ እሱን ልቁጠር። የምወዳደር ሆኜ አይደለም።

ልጄ በአንድ ሰዓት ከሃያ ከመንገዱ ማዶ አለፈች። አስተማሪ ናት፤ ትምህርት ቤቷ ከኛ ትንሽ ከፍ ብሎ ነው። ዳቦ የምትገዛው ከሱፐርማርኬት ነው። እያየኋት አልነበረም። መስታወት እየጠረግኩ ነበር።

ረቡዕ። 46 ቀን ይቀራል።

አለቃ መጣ። አለቃ የምለው እስር ቤት ሳለሁ በር ጠባቂ የነበረውን ሰውዬ ነው፤ ጡረታ ወጥቶ እዚሁ ሰፈር ይኖራል። ገና ብቅ ሲል ሊጡን ትቼ ተነሳሁና እጆቼን ወደኋላ አድርጌ ቆምኩ።

«ኧረ ተቀመጥ!» አለኝ።

ተቀመጥኩ። ሁለቱንም ሳላስበው ነው ያደረግኩት።

«ትወዳደራለህ። እኔ አስመርጥሃለሁ» አለ። «ሰው ፊት ‹እርስዎ› እልሃለሁ። ብቻችንን ስንሆን ግን አይሆንልኝም፤ እንዳትቀየመኝ።»

«እኔን ማን ይመርጣል? እስረኛ የነበርኩ ሰውዬ!»

«ነበርክ፤ ጨረስክ። በሩን የከፈትኩልህ እኔ አይደለሁም እንዴ? ከፍቼልህም ‹ውጣ› እስክልህ ድረስ ቆመህ ነበር።»

ይሄ እውነት ነው። አለቃ ጡረታው ሰልችቶታል። ዕድሜ ልኩን የሚያውቀው ሰው መቁጠር ነው፤ ምርጫም ያው ሰው መቁጠር ነው ይላል። ስለ ሥራው ሲያወራ ደግሞ አያልቅበትም። ሃያ ሁለት ዓመት በር ሲጠብቅ ሰዓት ካለፈ በኋላ አንድም ጠያቂ አስገብቶ አያውቅም። «ስድስት ሰዓት ማለት ስድስት ሰዓት ነው። እናት ትሁን፣ ሚስት ትሁን፣ ሰልፉ የደረሰበት ላይ እዘጋለሁ!» እያለ ደረቱን ነፋ። አድልዎ የሌለው ሰው ደስ ይለኛል። እኔን ደግሞ የጎዳኝ ነገር የለም። ጠያቂዬ እትዬ ብቻ ነበረች፤ እሷ በሌሊት መጥታ አንደኛ ነው የምትሰለፈው። ልጄ አንድም ቀን አልመጣችም።

እሺ አልኩት። እሺ ያልኩት ለጤና ጣቢያው ነው። እዚያ ሰው ከንጋት ጀምሮ ተሰልፎ እያለ ዘመድ ያለው ከኋላ መጥቶ ይገባል፤ አንድ ሰው ተራ በቁጥር ሊያደርግላቸው ይገባል። አዎ፣ ለጤና ጣቢያው ነው።

የዕጩዎች ፎቶ ትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ይለጠፋል አሉ።

ሰኞ። 41 ቀን ይቀራል።

ለመመዝገብ ሄድን። የምርጫ ምልክት ምረጥ አሉኝ። ዳቦ ስል ዳቦ የለም። ሌሎቹ ዕጩዎች ቀድመውን ጥሩ ጥሩውን ወስደውታል። የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ቁልፍ፣ ገመድ እና መሰላል።

አለቃ ሦስቱን ሥዕሎች አየና እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «እኔ ዘንድ እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ቢገኙብህ ኖሮ!» አለ። መዝጋቢዋ አልገባትም። መሰላሉን ወሰድኩ።

ረቡዕ። 39 ቀን ይቀራል።

ፎቶ ተነሳሁ። ፎቶ አንሺው ከፊት ካነሳኝ በኋላ ሳልታዘዝ በጎን ዞርኩለት። «ኧረ ይበቃል» አለኝ። ሊጡ ኩፍ ብሏል። በቃ።

ቅዳሜ። 36 ቀን ይቀራል።

ቤት ለቤት ቅስቀሳ። የኔ ችግር በር ነው። በር ሲገጥመኝ ከውስጥ «ግባ» እስክባል እቆማለሁ፤ አራት ዓመት ከሦስት ወር በር በእጄ ከፍቼ አላውቅማ። ዛሬ አንዲት ባልቴት በራቸው ወለል ብሎ ተከፍቶ እኔ ደጃፋቸው ላይ ተገትሬ አገኙኝ። ሩብ ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ።

«ምነው ልጄ፣ አትገባም እንዴ?»

«ግባ እስኪሉኝ ነው።»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ለካ ባለፋርማሲው ለቅስቀሳ ሲመጣ ሳያንኳኳ ገብቶ እሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ሁሉ ስለ እኔ ትሕትና ያወራ ነበር። አለቃ ማስታወሻው ላይ «ትሕትና፤ ይቀጥል» ብሎ ጻፈ።

አለቃ የቤቶቹን ቁጥር በወረቀት ጽፎ ሰጥቶኝ ነበር። አንዱን ቤት ዘለልኩት። ለምን ሲለኝ እዚያ ጋ ወረቀቱን ዱቄት ነክቶት አይነበብም አልኩት። ወረቀቱን ተቀብሎ አየው። ዱቄት የለበትም። አጥፎ ኪሱ ከተተው።

ሰማያዊ በር ነው። መስኮቱ ላይ አበባ አለ። በዚያ የሚያልፍ ሰው ሁሉ የሚያየው ነገር ነው።

ሐሙስ። 31 ቀን ይቀራል።

እትዬ ልጄ ዘንድ ውላ መጣች። የልጄን ነገር የምትነግረኝ ሁልጊዜ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ እያጠበች ነው።

«ለቅስቀሳ እቤቴ እንዳይመጣ ብላለች።»

«እኔ መች ልሂድ አልኩ?»

«አላልክም። እሷም አለ አላለችም። እንዳይመጣ ነው ያለችው።»

«ሌላስ?»

«‹እሱ ነው ሰልፍ የሚያስከብረው?› ብላ ሳቀች።» ሳህኑን ሁለት ጊዜ አለቀለቀችው። «ደስ የሚል ሳቅ አይደለም።»

ልክ ናት። እስቲ ልጻፈው፤ ከኔ ሌላ የሚያነበው የለ። የቤት ተራ ጠባቂዎች መዝገብ ያዥ ነበርኩ። ሰው ይመዘገባል፣ ዓመት ይጠብቃል፣ ተራው ሲደርስ ቤት ያገኛል። ተራውን የምጽፈው እኔ ነኝ። አንድ ነጋዴ ፍሪጅ አመጣልኝ፤ አዲስ፣ በረዶ የሚሠራ። እኔም ስሙን ከታች አንስቼ ላይ ጻፍኩት። ፍርድ ቤት ፍሪጁን ኤግዚቢት ብሎ መሐል አዳራሽ አቆመው፤ ዳኛው ሳይቀር ከፍተው አዩት። ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ፍሪጁን ነው፤ የሚስቀውም በሱ ነው። እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ይቀለኛል።

እሱ ሲወጣ የወረደ ቤተሰብ አለ። የልጄ ጓደኛ ቤተሰብ ነው፤ ሁለቱ ከትንሽነታቸው ጀምሮ አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደጉት። ቤት ስላላገኙ በዚያው ክረምት ከተማውን ለቀው ሄዱ። ለፍርድ ቤቱ የአባትየውን ስም አላስተዋልኩም አልኩ። ለልጄም እንደዚያው አልኳት።

አስተውዬው ነበር። ገና ብዕሩን ሳነሳ አስተውዬዋለሁ።

ከዚያ ወዲህ አላናገረችኝም። በአራት ዓመት ከሦስት ወር አንድ ቀን እንኳ መጥታ አልጠየቀችኝም። አልፈርድባትም። ትንሽ እፈርድባታለሁ። ኤጭ! ሊጡን ልየው።

ሰኞ። 27 ቀን ይቀራል።

እትዬ ከባንኮኒው ስር እጇን ሰድዳ አንድ ዳቦ አወጣች።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የተረፈ ነው።»

«ሰልፉ ሳያልቅ እንዴት ነው የሚተርፈው?»

«ቅርጹ ተበላሽቶብኝ ነው እትዬ።»

ገለባብጣ አየችው። ከሁሉም ያማረው እሱ ነበር። ምን ላድርግ፣ በመጀመሪያው ትሪ መሐል ላይ የሚወጣው እንደዚያ ነው። መልሳ አስቀመጠችው። ሲመሽ ግን «ካልሸጥከው እንደ ሁልጊዜው ለዶሮዎቹ ልስጠው» አለች። ለካ ስታውቅ ነው የኖረችው። ዶሮዎቿ ወፍረው መራመድ አቅቷቸዋል። «አንተ ልጅ፣ የምትጠብቀው ሰው ካለ ንገረኝ፤ ዶሮ እያደለብክ ከሆነም ንገረኝ» አለችኝ።

ማንንም አልጠብቅም። ነገ አላስቀምጥም።

ማክሰኞ። 26 ቀን ይቀራል።

አስቀመጥኩ። ለዶሮዎቹ ብዬ ነው።

ቅዳሜ። 22 ቀን ይቀራል።

ፎቶዬ ትናንት ተለጠፈ። አለቃ ማንም ሳያዘው አጥሩ ሥር ቆሞ ማን እንዳየኝ ሲቆጥር ውሏል። አርባ አንድ ሰው። «አንዲት አስተማሪ ቆማ አየችህ» አለኝ።

«ምን ያህል ቆመች?»

«ምን አገባህ? አስተማሪ ብዙ ነው።»

«ለስታቲስቲክስ ነው።»

«ስድስት ሰከንድ» አለ።

ባለፋርማሲው ፎቶ ላይ ስንት ሰከንድ እንደቆመች አልጠየቅኩትም። ልጠይቀው ይገባ ነበር።

ቅዳሜ። 15 ቀን ይቀራል።

ባለፋርማሲው በራሪ ወረቀት በተነ። የፍሪጅ ሥዕል ብቻ ነው፤ ከስሩ «ያስታውሱ» ይላል። ሰው ወረቀቱን ይዞ እየሳቀ ሰልፍ ያዘ። አንዱ «በረዶም ትሸጣለህ ወይ?» አለኝ። አብሬ ሳቅኩ።

አለቃ ግን ደሙ ፈላ። ሰልፉ መሐል ቆሞ «የቆለፍኩበት እኔ ነኝ! አንድ ቀን ሳያጎድል ነው የጨረሰው! የናንተ ባለፋርማሲ የጀመረውን ጨርሶ ያውቃል? ድልድዩስ? እርስዎ፣ ዳቦ መስጠትዎን ይቀጥሉ!» አለ። ሁለት ጊዜ ተመርጦ ሁለቱንም ጊዜ ሳይሠራ የቀረውን ድልድይ ሁሉም ያውቀዋል። ሰልፉ በጭብጨባ ደመቀ። ፍሪጁ ለኛ ጠቀመን።

ትንሽ ደስ አለኝ። ወረቀቱ ግን ለአስተማሪዎችም ደርሷል።

ቅዳሜ። 8 ቀን ይቀራል።

ዛሬ የዕጩዎች ስብሰባ ነበር። ትምህርት ቤቱ አዳራሽ ውስጥ። ወንበር የሚደረድሩት አስተማሪዎቹ ናቸው። አላየኋትም። ከኋላ በግራ በኩል ነበረች።

ስለ ጤና ጣቢያው በደንብ እየተናገርኩ ሳለ አለቃ አርፍዶ በኋላ በር ገባ። ከተቀመጥኩበት ብድግ ብዬ እጄን ወደኋላ አደረግኩ። ሰዉ ታላቅ ሰው የመጣ መስሎት አዳራሹ በሙሉ ተነሳ። አለቃ ደንግጦ ተመልሶ ሊወጣ ምንም አልቀረው። ተሳሳቅን። ባለፋርማሲው እስኪረጋጋ ጠበቀና ለስለስ ባለ ድምፅ ጀመረ።

«አንድ ሰው አንድ ዳቦ ይላል። ሦስት መቶ ይጋግራል። ማክሰኞ ዕለት ሰልፉን ቆጥሬ ሦስት መቶኛ ሆኜ ቆምኩ። እኔ ጋ ሲደርስ ‹አለቀ› አለኝ። አንዷ ከባንኮኒው ስር ነበረች፤ በዓይኔ አይቻታለሁ። የማን ናት? አሁን ደግሞ ፍሪጁን የሰጠው ማን ነው?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ያ ሦስት መቶኛ ሰው አለ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። እውነት እውነቱን ልጻፍ፤ አስቤ ነበር፣ ያኔ መዝገቡ ላይ የነበረውን ስም እንዳስተዋልኩት ሁሉ።

«ልክ ነው» አልኩ። «ዳቦ ቤቱን ከከፈትኩ ጀምሮ በየቀኑ አንድ አስቀምጣለሁ።»

«ለማን?»

«መጥቶ ለማያውቅ ሰው።»

«ስም የለውም?»

አለቃ ከኋላዬ መጥቶ ልብሴን ይጎትታል። «‹ለልጄ› በል! ‹ለልጄ› በልና ሕዝቡን አስለቅሰው! አለቀ፣ ተመረጥክ!» ይላል። እውነቱን ነው፤ ባልቴቷ ገና ምንም ሳልናገር መሐረባቸውን አውጥተዋል። ልጄ ወንበር ይዛ ቆማለች። ጓደኛዋን በፍሪጅ ለውጬባታለሁ። አሁን እሷን በምርጫ ድምፅ ልለውጣት?

«ስሙን አልናገርም» አልኩ። «በየቀኑ ሦስት መቶኛ የነበራችሁ ሁሉ ይቅርታ አድርጉልኝ። ሰልፉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ከሰኞ ጀምሮ ከባንኮኒው ስር ምንም የለም። መጥታችሁ እዩ።»

አዳራሹ አጉረመረመ። ተቀመጥኩ።

ስንመለስ አለቃ ሁለት እርምጃ ቀድሞኝ ሄደ። ደጃፌ ላይ ሲደርስ «ብዙ ሰው አፈሰስክ» አለኝ። ከዚያ ቆይቶ «አንዷ አስተማሪ አንድ ወንበር ሦስት ጊዜ አንስታ ሦስት ጊዜ አስቀመጠችው» አለ። አለቃ ቆጠራ አይሳሳትም።

ሰኞ። 6 ቀን ይቀራል።

ከባንኮኒው ስር ምንም የለም። ሰዉ ጎንበስ እያለ አይቶ ሄደ። አንዱ በባትሪ አየ። እጄ ለምዳ ሦስት ጊዜ ወደዚያ ሄዳ ተመለሰች። ዶሮዎቹ ተቆጥተዋል። መስታወት አልጠረግኩም፤ ንጹህ ነው።

እሑድ። 0።

መረጥኩ። ድምፅ መስጫው መጋረጃ እንጂ በር ስላልነበረው ዘው ብዬ ገባሁ። ማንን እንደመረጥኩ ምስጢር ነው። መሰላል ግን ቆንጆ ምልክት ነው።

ሰኞ። የሚቀር ቀን የለም።

በአሥራ ዘጠኝ ድምፅ ተሸነፍኩ።

እትዬ «ለሰው ሁለት ሁለት ብትሰጥ ኖሮ!» አለች። ከዚያ ወደ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች፤ ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። ሽንኩርት ነው አለች። ሽንኩርት አልገዛንም።

ባለፋርማሲው መንገድ ላይ ጨበጠኝ። «ያንን የጤና ጣቢያ የተራ ቁጥር ነገር መጥተህ አሳየኝ፤ አልገባኝም» አለ። ሐሙስ ከሰዓት እሄዳለሁ አልኩት። ማታለያ መሰለኝ፤ በኋላ ሳስበው ግን እውነቱን ይመስለኛል።

ማክሰኞ።

ምርጫው ስላለቀ አለቃ ሥራ ፈትቷል። ጠዋት መጥቶ ሰልፍ ያስከብርልኝ ጀመር። ባለፋርማሲው ዛሬ ማንንም ሳይገፋ ተሰለፈ። አርፍዶ ነው የመጣው፤ ሦስት መቶኛ ደረሰው። የመጨረሻዋን ዳቦ ሰጠሁት።

«ቀጥል!» አልኩ ከልማዴ። ትሪው ባዶ መሆኑን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ቀና ስል ልጄ ናት።

ቦርሳዋን በሁለት እጇ ይዛዋለች። ቀጥና አገኘኋት፤ ወይ ከመንገድ ማዶ ስለማያት ይሆናል።

«አለቀ?» አለች።

«አለቀ።»

«ከስርስ?»

«ከስርም የለም። አላስቀምጥም ብያለሁ።» ምን ዓይነት ጅል ነኝ! ያን ሁሉ ቀን ለዶሮ አብልቼ፣ በመጣችበት ቀን!

ባለፋርማሲው «እንካፈል» ብሎ ዳቦውን ዘረጋላት።

«ተራው የርስዎ ነው» አለችው። ወደኔ ዞረች። «ይሄ ሁለተኛዬ ነው።»

«ምኑ?»

«አንተ ጋ ልደርስ ተሰልፌ ሳይደርሰኝ ሲያልቅ። ያኔ እስር ቤቱ በር ላይ ከፊቴ ሁለት ሰው ሲቀር ስድስት ሰዓት ሆነ ብለው በሩን ዘጉት። ከዚያ በኋላ ድጋሚ ለመምጣት አቅሙ አልነበረኝም።»

አለቃ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀ። ሃያ ሁለት ዓመት የኮራበት ነገር ነው።

እኔ የማወራው ብዙ ነበረኝ፤ ስንት ዓመት አዘጋጅቼዋለሁ። የወጣኝ ግን ሌላ ነው። «የጓደኛሽን አባት ስም አስተውዬው ነበር» አልኩ። «አላስተዋልኩም ያልኩሽ ውሸቴን ነው።»

«አውቃለሁ» አለች።

ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለች።

«ነገ በስንት ሰዓት ልምጣ?»

«አሥራ ሁለት ሰዓት እከፍታለሁ። ግን ሰልፍ አለ።»

«እሰለፋለሁ» አለችና ወደ ትምህርት ቤቷ ሄደች። ደወሉ አልፏታል፤ ዛሬ አርፍዳለች። እስከ መንገዱ ዳር ተከትያት ወጣሁ። በሩን ማን እንደከፈተው አላስታውስም። አለቃ «አንተ ነህ» ይላል።

አሁን ለነገ አቡክቼ ጨረስኩ። እትዬ ከኋላዬ ቆማ ስትቆጥር ነበር።

«ሦስት መቶ አንድ ነው» አለች። «አንዷ የማን ናት?»

«ሕዝብ ጨምሯል» አልኳት።